ከሳሿን ለምኚልኝ

መስከረም 24

ለሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ዕለት በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደረሰኝ። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከማሾፉ በቀር ደህና ነኝ። ልጆቹ በቁመት አልፈውኛል። መምህሯ ሚስቴም እንደ ወትሮዋ እኔንም እንደ ተማሪዎቿ እያረመች አለች፤ ይህን ደብዳቤ ብታየው ነጠላ ሰረዝ ትጨምርበታለች። አንቺ ግን ጠፋሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራ በዛብኝ» እያልሽ ብቅ ሳትይ ቀረሽ። ወረቀት እንዲህ ሰው ይበላል እንዴ?

«ምን ሆነህ ነው ድንገት ስለ መኪና የምትጠይቀኝ?» ላልሽው፣ ክፉ ነገር የለም፣ አይዞሽ። የፓምፕ ጠጋኝ ነገር፣ ፓምፕ በጀርባ አይታዘል። ባለፈው ሰሞን አንድ ሞተር በጋሪ አስጭኜ ስወስድ ጋሪው ተገለበጠና፣ ጉድጓድ የገባ ፓምፕ ላወጣ ሄጄ እኔው ጉድጓድ ገብቼ ወጣሁ። ስለዚህ ከኋላዋ ሰፋ ያለች አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ለመግዛት አስቤያለሁ። አንቺና ባልሽ፣ ሙሽራው፣ ያኔ በሰላም ስትለያዩ መኪናችሁን ባትሸጧት ኖሮ እሷኑ እለምንሽ ነበር።

ሻጩ «ሊብሬዋ እድሳት ላይ ነው» ብሎኛል። መምህሯ ይህን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች። «ሊብሬ የሌላት መኪና ስሟን እንደማትናገር እንግዳ ናት። የተሰረቀች ብትሆንስ? እህትህ መኪና የሚመዘገብበት ቢሮ ተቀምጣ አንተ በጭፍን ትገዛለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይኸው የሻንሲ ቁጥሩን ስስ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ እየፈተግኩ አንስቼዋለሁ። ተሰርቃለች ተብሎ የተጻፈ ነገር እንዳለ እይልኝ።

ሻጩን በተመለከተ አትስጊ። የማውቀው ሰው ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 3

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? መምህሯስ፣ ልጆቹስ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርግልኝ። ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። «ስልክ ብደውል አይቀልም ወይ?» ትል ይሆናል፤ እባክህ አትደውል። ክፍላችን ውስጥ ስድስት ነን፤ ስልኩ አንድ ነው፣ እሱም አለቃችን ጠረጴዛ ላይ። አንዱ ሲያወራ አምስቱ ብዕር ያስቀምጣሉ።

ቁጥሩን ፈለግኩት። ማለቴ እየፈለግኩት ነው። የኛ መዝገብ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ብቻ ነው፤ የላይኛውን ለማውረድ መሰላል መውጣት አለብህ፣ የመሰላሉም አንድ እግር አጭር ነው። ተሰረቀ የተባለ መኪና ሁሉ በቀይ ካርድ ተጽፎ በሻንሲ ቁጥሩ ተራ ይቀመጣል። ካርድ ከሌለው ንጹሕ ነው ማለት ነው። የላክልኝ ወረቀት ላይ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ደብዘዝ አሉብኝ። ሰባት ይሁኑ አንድ አልለየሁም። እስክለይ ድረስ እንዳትገዛት።

እስከዚያ አንድ ሦስት ነገር እይልኝ። የሾፌሩን በር ከፍተህ ማጠፊያው ውስጥ ጎንበስ በል፤ ከሰማያዊው ሥር ሌላ ቀለም አለ? የዳሽቦርዱ ሳጥን ይዘጋል ወይስ ወለል ብሎ ይከፈታል? የኋላ ወንበሩ በግራ በኩል የተሰፋ ቦታ አለው? ካለው ክሩ ምን ዓይነት ነው?

ለመዝገቡ ያስፈልጋል።

ደግሞ ሻጩ ማን እንደሆነ ጻፍልኝ። «የማውቀው ሰው» አድራሻ አይደለም፣ ጋሼ።

ሚጣ


ጥቅምት 12

ለሚጣዬ፣

የመዝገብ ቤት ሰው ነቢይ መሆኑን አላውቅም ነበር! በማጠፊያው ሥር ቀለሙ ነጭ ነው። ሳጥኑ አይዘጋም፤ በሽቦ ታስሯል። ወንበሩም ተሰፍቷል፣ በቡናማ ክር፣ ደህና አድርጎ በሚሰፋ እጅ። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ቀይ ካርድ ላይ የክር ቀለም ይጻፋል እንዴ? መምህሯን ብጠይቃት «እህትህ መኪናዋን የምታውቃት ትመስላለች» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እንዳትገዛት» ላልሽው፣ አፈርኩ እንጂ አልዋሽሽም። ገዝቻታለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ እየነዳኋት ነው። ሰውየው ቸኩሎ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰው የሚያስቸኩል ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላጣራ፣ ከዚያ ልግዛ ማለት ሲገባኝ ነገሩን ገልብጬ ሠራሁት። ለመምህሯም ከገዛሁ በኋላ ነው የነገርኳት። ይቅር በይኝ።

ስሙን ግን አትጠይቂኝ። ቃል አስገብቶኛል። ክፉ ሰው ቢሆን ቃሌን አፈርስ ነበር። ክፉ መሆኑን ግን እንጃ። ሰሞኑን ክፉና ደግ ተደባልቆብኛል።

አንዱን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪኝ፦ ካርድ አላት ወይስ የላትም?

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ለጋሼ፣

ካርድ አላት። ቀይ።

ጓሮህ አስገባትና አቁማት። ፓምፑን በጋሪም ቢሆን ውሰድ። በተለይ ወደ ኬላው መንገድ አትውጣ፤ የካርዶቹ ዝርዝር ተባዝቶ ለየኬላው ይላካል።

«ማን ነው ተሰረቀች ብሎ ያመለከተው?» ብትለኝ፣ ሴት ናት። ከአራት ዓመት በፊት። ከዚህ በላይ ልጽፍልህ አልችልም። አልቻልኩም።

አንተ ቃልህን ጠብቅ፤ እኔ ስሙን አልጠይቅህም። ይህን ብቻ መልስልኝ፦ ቀጭን ነው? ሲያወራ ቁልፍ በጣቱ ያዞራል?

ሚጣ


ኅዳር 2

ለሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰው ከወጣሁ በኋላ ነው። ከየት ወጣህ ብትይ፣ ከጣቢያ። አትደንግጪ፤ ቤቴ ነኝ፣ ታጥቤያለሁ፣ በልቻለሁ።

የአንድ ጤና ጣቢያ ፓምፕ ቆሞ ሰዎቹ ውሃ በባልዲ ሲያመላልሱ ስሰማ አላስቻለኝም፤ መሣሪያዬን ጭኜ ሄድኩ። ኬላው ላይ ትራፊኩ መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ሊብሬ ጠየቀ። እድሳት ላይ ነው አልኩ። ሳቅ አለና የሞተሩን ክዳን አስከፈተኝ። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ፣ ኪሱ ካለው ጥራዝ ጋር አስተያየ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ይህች መኪና የማን ናት?»

«የኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነሐሴ።»

«ከነሐሴ በፊትስ?»

ቁልፉን አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሚጣዬ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የሰጠሁትን ቃል ኬላ ላይ አላፈርስም አልኩ። መኪናዋን ገትተው፣ እኔንም ሁለት ቀን አቆይተው በመምህሯ ዋስትና ለቀቁኝ። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፤ ጢሙን እየዳበሰ ይናገራል። «አባባ፣ እርስዎ ሌባ አይመስሉም። ግን የሸጠልዎትን ሰው ካልነገሩኝ፣ ወረቀቱ ላይ የምጽፈው የሌባ ስም የእርስዎን ነው» አለኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ስሙን ብናገር የታመመ ሰው አሳስራለሁ። የሸጣትም ለሕክምናው ነው፤ ሆዱን ተቀዷል፣ ገና ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። ባልናገር እኔ ሌባ ነኝ። ልጆቹ «አባዬ፣ እውነት ሰርቀሃል?» ብለው አልጠየቁኝም፤ አለመጠየቃቸው ነው የከፋው። መምህሯም እርማቷን ትታለች።

አንቺ ጋ አንድ ነገር ቀርቷል። መርማሪው «ከሳሿ መጥታ ክሷን ካነሳች ነገሩ ይዘጋል» ብሎኛል። ሴቲቱን አንቺ ታገኛታለሽ፤ ስሟ ካርዱ ላይ አለ። እህቴ፣ እግሯ ላይ ወድቀሽም ቢሆን ከሳሿን ለምኚልኝ። ወንድሜ ሳያውቅ ነው የገዛው በያት። ሴት ናት፣ ቤተሰብ ይኖራታል፣ ይገባታል።

ደግሞስ ቀጭን መሆኑን፣ ቁልፍ ማዞሩን በምን አወቅሽ? ራሴን አዞርሽው።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለጋሼ፣

ሴቲቱን አግኝቻታለሁ። እኔ ነኝ።

ከዚህ ወዲያ ሰላምታ መጻፍ ሐሰት ሆነብኝ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ልንገርህ።

ሙሽራው ጥሎኝ ነው የሄደው። በሰላም አልተለያየንም፤ መኪናዋንም አልሸጥናትም። በስሜ የተገዛች ነጭ መኪናዬ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት «ጎማው ንፋስ ቀንሷል፣ አስነፍቼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። በነጠላ ጫማ ነው የወጣው፣ ጋሼ። በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ይጠበቃል። ምሳ ጠበቅኩት፣ እራት ጠበቅኩት፣ እሁድንም ሰኞንም ጠበቅኩት። ማክሰኞ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «መኪናችሁ የት ሄደች?» አለችኝ። ባልሽ የት ሄደ አላለችም። መኪናዋ ናት የታየቻት።

ረቡዕ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት ባሌ ጠፋ ብዬ ላመለክት ነበር። ወረፋ ይዤ ደረሰኝ። ፖሊሱ ቀና ሳይል «ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል። «መኪና» አልኩ። ከአፌ እንዲሁ አመለጠኝ። መኪና የተሰረቀበት ሰው ይታዘንለታል፤ ባል የጠፋባትን ሴት ግን ሰው ከእግር እስከ ራሷ ነው የሚያያት። «ባለቤትሽስ?» ሲለኝ «ለሥራ ሄዷል» አልኩ። ለእናንተ ደግሞ ሌላ ውሸት ጻፍኩ። ካርዱ እኛ ቢሮ ሲመጣ በገዛ እጄ ሞልቼ በገዛ እጄ ከተራው አስገባሁት። አንተ ቁጥሩን ስትልክልኝ መሰላሉን ሳልወጣ አውቄዋለሁ። ሰባት ናቸው፤ አልደበዘዙም።

አንተ ጣቢያ በተቀመጥክባቸው ሁለት ቀናት ካርዱ የት እንደነበር ታውቃለህ? ቦርሳዬ ውስጥ። ቀዳድጄ ልጥለው ይዤው ወጥቼ ነበር። ማንም አያውቅም ብዬ። ግን ዝርዝሩ የኬላው ትራፊክ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ካርዱን ብቀደው ምን ይጠቅምሃል? መልሼ አስገባሁት። ወንድሜን አሳሰርኩት።

ስሙን አልጠይቅህም ብዬ ነበር። አሁን ግን ልጠይቅህ። እሱ ነው አይደል?

ሚጣ


ኅዳር 16

ለሚጣዬ፣

እሱ ነው።

ደብዳቤሽን ለመምህሯ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ «ሁለታችሁም አንድን ሰው ስትደብቁ ነው እርስ በርሳችሁ የተጋጫችሁት» አለች። ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላወቅኩም። በአንቺ ልል እፈልግና በነጠላ ጫማ የሚለው ይመጣብኛል።

ሙሽራው የመጣው በሐምሌ ነው። በሩ ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። «እህትህ እንዳትሰማ። ከተረጋጋች ሰላሟን አትንካባት» አለኝ። መኪናዋን ሲያሳየኝ «ያችኛዋን ሸጣችኋት፣ ይህችን በኋላ ገዛሃት ማለት ነው?» አልኩት። «አዎ» አለ። ውሸቱን እኔው ነኝ አፉ ውስጥ ያጎረስኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ሄድኩበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዝ ይቆልፋል።

«ያቺ መኪና የማን ናት?» አልኩት።

«የሷ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ታዲያ እንዴት ለኔ ትሸጣለህ?»

«ለሌላ ሰው ብሸጣት ሌብነት ይሆናል። ላንተ ስሸጣት ግን ግማሽ መንገድ የመለስኳት መሰለኝ።»

ልመታው ተነስቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ተሰረቀች ብለሽ ማመልከትሽን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ ቁስሉ እያመመው። ከዚያ ሳቁ ተበላሸ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለምን ሄድክ?» ብዬ እንድጠይቀው ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኩት። ማተሚያ ቤቱ አዲስ ማሽን ሲያስገባ እሱን ከሥራ አሰናብቶት ነበር። አልነገረሽም። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ መኪናዋን የእንጨት መጋዘኑ አጥር ሥር አቁሞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ከዚያ «ዛሬ ሥራ ገደለኝ» እያለ ይገባል። ያን ቅዳሜ እውነትም ጎማ ሊያስነፋ ነበር የወጣው። እዚያ አብሮት የተሰናበተ ሰው አገኘው። «ለሚስትህ እስካሁን አልነገርካትም እንዴ? እሁድ ሚስቴን ይዤ ልጠይቃችሁ እመጣለሁ» አለው። «ከዚያ በኋላ መሪውን ወደ ቤት ማዞር አቃተኝ» አለኝ። ሙሽራው ይህን ሲናገር ቁልፍ በሌለበት ጣቱን ያዞራል።

በማግስቱ አብረን ጣቢያ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ስሄድ ክፍሉ ተዘግቷል። «አመለጠ! አሁንም አመለጠ!» ብዬ እየተሳደብኩ ጣቢያ ስደርስ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በእግሩ ነው የሄደው፣ እየተደገፈ፣ ከኔ ቀድሞ። መርማሪው ጢሙን እየዳበሰ ሁለታችንን ተራ በተራ አየና «እኔ ሌባ ስፈልግ ነበር፤ የሰበሰብኩት ቤተ ዘመድ ነው» አለ።

ክሱን የምታነሺው ግን አንቺው ራስሽ ቀርበሽ ፈርመሽ ነው። በደብዳቤ አይሆንም አለኝ። ትመጫለሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 22

ለጋሼ፣

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

«ሥራሽስ?» ብትለኝ፣ ትናንት አለቃዬ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። አምስቱም ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙ። ይስሙ። አለቃዬ መነጽሩን ወለወለና «እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር እንዴት አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ?» አለ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ከመዝገብ ቤትም ወጥቼ ወደ ሰሌዳ መስጫው መስኮት ተዛውሬያለሁ። ሐሰተኛ ማመልከቻ ስለሰጠሁ ፖሊስ ምን እንደሚለኝ ገና አላውቅም። እንቅልፍ ግን ተመልሶልኛል።

እሱን ልየው ወይስ አልየው አልወሰንኩም። አውቶቡስ ማቆሚያ ብቻህን ጠብቀኝ።

ሚጣ


ታኅሣሥ 4

ለጋሼ፣

በደህና ገባሁ። መምህሯ የቋጠረችልኝን ስንቅ መንገድ ላይ ጨረስኩት። አውቶቡስ ላይ ስትሸኘኝ በመስኮት ብዙ ጠየቅከኝ፣ እኔም ጩኸቱን አሳብቤ ሳልመልስ ሄድኩ። ይቅርታህን። መርማሪው አንተን ከበር ውጭ አስቀርቶ እኔንና ሙሽራውን ያን ያህል ያቆየን ለምን እንደሆነ አሁን ልጻፍልህ።

ቅጽ ነበር የሚሞላው። መጀመሪያ እሱን ጠየቀው። ስሙን፣ ዕድሜውን ተናገረ። ከዚያ መርማሪው «ሥራ?» አለው።

ጋሼ፣ የምቀመጥበት አጣሁ። ተቀምጬ ሳለ የምቀመጥበት አጣሁ። እሱ ወደ መርማሪው አላየም። ወደ እኔ ዞረ። «የለኝም» አለ። ድምፁ ዝቅ አላለም። መርማሪው ጽፎ አለፈ፤ ለሱ አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን እሷን ቃል በአምስቱ ወር ውስጥ በአንዱ ቀን፣ እራት ላይ፣ እንዲሁ ብሏት ቢሆን ምን እመልስለት እንደነበር ማሰብ ጀመርኩና ጥያቄው ለኔ መቅረቡን አልሰማሁም።

«እመቤት፣ ከተጠርጣሪው ጋር ያለዎት ግንኙነት?» ደግሞ ጠየቀኝ።

«ባለቤት» አልኩ።

ብዕሩን አነሳ። «የመኪናዋ ነው ወይስ የእርስዎ? ይለይልኝ፣ ግራ ገባኝ።»

ግራ ገባኝ ሲል ሳቄ መጣ፤ ለአራት ዓመት ያልመጣ ሳቅ። እሱም ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ፣ እየሳቀ ይሁን እያመመው አልለየሁም። መርማሪው ሁለታችንም እስክናበቃ ጢሙን እየዳበሰ ጠበቀን። ያ ነው አንተ ከውጭ የሰማኸው። ልቅሶ አልነበረም። ወይም ልቅሶ ብቻ አልነበረም።

«የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩት፤ «አሁን ደግሞ በወንድሜ ስም አዙሩልኝ። እሱ...» ብዬ ወደ ሙሽራው አየሁ። መርማሪው ብዕሩን ወደ ቅጹ አስጠጋ። «እሱ ባሌ ነው። አልተፋታንም።» ጻፈ። በክሱ በኩል ፋይሉ ተዘጋ። ሐሰተኛ ማመልከቻዬን ግን የኛ ከተማ ፖሊስ ይመረምረዋል፤ ስጠራ እቀርባለሁ።

«ታዲያ ታረቃችሁ?» ላልከኝ፣ አልታረቅንም። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን ብዙም አላወራንም። እንዲመለስ አልጠየቅኩትም፤ ልመለስ ብሎም አልጠየቀኝም። ብቻ ስነሳ «ደብዳቤ ብጽፍልሽ ታነቢያለሽ?» አለኝ። «እውነቱን ከጻፍክ» አልኩት።

ትናንት አንድ ፖስታ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፉን አውቄዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያንተን ጽፌ ልጨርስ ብዬ ነው እንጂ፣ አሁን ልከፍተው ነው።

እህትህ